አሞሌና አክሲዮን

«ዋጋው ከልኩ አልፏል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከአክሲዮን ይልቅ ዕድሜው የገፋ ነው፤ በእኛ አገር በጨው ተጠይቋል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው፣ የላሊበላንም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአሞሌን ምንዛሪ መዝግቦልናል። ጨው ከሚገኝበት ቆላ አጠገብ ለአንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይሰጥ ነበር። ከገበያ ወደ ገበያ ቁጥሩ እያነሰ ሄዶ፣ ከንጉሡ ሰፈር ሲደርስ 6 ወይም 7 ይበቃል፤ በክረምት 5።

ታዲያ በሰፈሩ የነበረው አሞሌ ያለ ልኩ ተወዷል እንበልን? እኔ አልልም። በዋጋው ውስጥ የአፋር ሐሩር፣ የላስታን የመሰለ ዳገት፣ የጭነት ከብት ድካምና የክረምት ጭቃ አብረው ተቆጥረዋል። ከልኩ ያለፈ ዋጋ ምክንያቱ ሲጠየቅ መልስ የሚያጣ ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፍቷል። የባንክ ጸሐፊ ነኝና ጥሪቱን ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህንኑ ሚዛን እመኝለታለሁ፦ የድርጅቱ ዓመታዊ ትርፍ የአክሲዮኑን ዋጋ በስንት ዓመት ይሞላዋል? ከሀብቱ ዕዳው ሲቀነስ ለአንዷ አክሲዮን ምን ይደርሳታል? ዋጋው የናረው ትርፉ ስላደገ ነው ወይስ ጎረቤት ስለገዛ?

አሞሌ ገበያ ቢከዳው ወጥ ያጣፍጣል። ትርፍ የሌለው አክሲዮን ግን ያው የአበው ቃል ይጠብቀዋል፦ ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ።