መብራት ኃይልና ማዳበሪያ፦ ያልተገናኙ ሁለት መዝገቦች

የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዘመን የሚታወቀው ፒያሳ፣ ደጎል አደባባይ ላይ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ በ1952 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተገነባው የቆቃ ግድብ ሲሆን 43 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። ኃይሉ ለአዲስ አበባ መብራትና ለፋብሪካዎች ተከፋፈለ።

በዚያው ሰሞን ግብፆች ከአሮጌው የአስዋን ግድብ የሚያመነጩትን ኤሌክትሪክ ለሌላ ነገር አዋሉት። ኪማ የተባለው ፋብሪካቸው በኤሌክትሪክ ውሃን እየከፈለ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅኑን ከአየር ናይትሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ፣ ከአሞኒያውም የናይትሬት ማዳበሪያ ይሠራል። ግድቡን የሚሞላው ውሃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው።

በእኛ በኩል ማዳበሪያ የገባው በሌላ በር ነው። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ለጭላሎ ገበሬዎች አከፋፈለ፤ ዳፕና ዩሪያ ከውጭ ተገዝተው በመርከብ ይመጣሉ። ያ አሠራር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ኃይል በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ማዳበሪያ በሌላ መሥሪያ ቤት ሲመዘገቡ ኖሩ።

ኪማ የሄደበት መንገድ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ውሃ መክፈል ነው። ሁለተኛው፣ ሃይድሮጅንን ከናይትሮጅን ጋር ማዋሐዱ፣ ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳየውና ካርል ቦሽ በ1913 ኦፓው ላይ በፋብሪካ ያዋለው ነው፤ ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና በመቶዎች የሚቆጠር የከባቢ አየር ግፊት ይፈልጋል። ሁለቱን ደረጃዎች በአንድ ጠጣር ነገር ውስጥ ለመጨረስ የታሰበው ኋላ ነው።

በጠጣር ውስጥ አዮን መጓዙ የቆየ ዕውቀት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቫልተር ኔርንስት ከዚርኮኒያ የሠራው አምፖል በዚሁ ይበራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓናዊው ሂሮያሱ ኢዋሃራና ባልደረቦቹ የስትሮንቲየምና የሴሪየም ኦክሳይድ ሴራሚክ ፕሮቶን እንደሚያሳልፍ አስታወቁ። ከሴሪየሙ ጥቂቱ በይተርቢየም ሲተካ በሴራሚኩ ውስጥ የኦክስጅን ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ ቦታውን የውሃ እንፋሎት ሲሞላው ፕሮቶኖች ከአንዱ ኦክስጅን ወደ ሌላው እየዘለሉ ይሻገራሉ። ኤሌክትሮኖቹ ግን በውጭው ሽቦ ይዞራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1998 የተሰሎንቄዎቹ ግሪካውያን ጆርጅ ማርኔሎስና ሚካኤል ስቱኪደስ ይህን ሴራሚክ በፓላዲየም ለብጠው፣ በ570 ዲግሪ፣ በተራ የአየር ግፊት አሞኒያ አገኙ። ካሻገሩት ሃይድሮጅን 78 በመቶው አሞኒያ ሆነ። ዜናው ብዙዎችን ያስደሰተው ለዚህ ነው። መጠኑ ግን ከአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በቀን ጥቂት ሚሊግራም ነበር። ችግሩም ሥር የሰደደ ነው፦ ሴራሚኩ ፕሮቶን በደንብ የሚያሳልፈው ሲግል ነው፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ የተሠራው አሞኒያ መልሶ ይበተናል።

ከደጎል አደባባይ ብዙ በማይርቀው አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ለዓመታት ተጠንተዋል። ዕውቀቱ ሠፈሩ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

የመንግሥት ውሳኔዎች ግን በከሰልና በጋዝ በኩል ሄዱ። በ2004 ዓ.ም. ለመንግሥት ኮርፖሬሽኑ ለሜቴክ የተሰጠው የያዩ ፕሮጀክት ከድንጋይ ከሰል በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ ሊያመርት ታቅዶ ሳያልቅ ቆመ። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የጎዴ ፋብሪካ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርተው ከኦጋዴን ጋዝ ነው። የህዳሴ ግድብ የተመረቀው ከዚህ ፊርማ በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን ነው።

ጋዝ መመረጡን ስህተት ለማለት አልቸኩልም። 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ 1.7 ሚሊዮን ቶን ያህል አሞኒያ ይፈልጋል። ይህን በኤሌክትሪክ ለመሥራት ለአንድ ቶን 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ቢታሰብ እንኳ፣ ህዳሴ በዓመት ያመነጫል ከተባለው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ይበልጣል። ኪማም ቢሆን በኋላ ወደ ጋዝ ዞሯል። በያዩ ልክ ለሚሠራ ፋብሪካ የሚያስፈልገው ግን የህዳሴ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። መታሰብ የነበረበት ይህኛው ሒሳብ ነው፤ ለዚያም ሴራሚኩን መጠበቅ አያስፈልግም፣ አስዋን ላይ የተሠራበት መንገድ ይበቃል።