የባዕድ ሕንጻ ለተዋሕዶ መቅደስ ሲሆን

በሎንዶን ከተማ፣ ባተርሲ በተባለው ሰፈር፣ የቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን ይባል የነበረ የድንጋይ ሕንጻ ይገኛል። ንድፉን ያወጣው ጀምስ ኖልስ የተባለ አርክቴክት ሲሆን፣ ሕንጻው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተፈጸመ። የአሠራሩ ስልት ቅስቱ ወደ ላይ የሾለው፣ ጎቲክ የተባለው ነው። ዛሬ ግን በውስጡ የሚቀድሱት በስደት ያሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው፤ ደብሩም ደብረ ጽዮን ማርያም ይባላል።

«የእኛ ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ ይህ ረጅም ቤት የባዕድ ነው» የሚል ሰው ቢኖር አያስደንቅም። ነገር ግን ታሪክ ይህን አሳብ አይደግፈውም። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስም፣ ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚበዙትም እንዲሁ ናቸው። ክቡ ቅርጽ የተስፋፋው ከእነዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ረጅም ቤት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም።

እውነተኛው ልዩነት ያለው በግንቡ ቅርጽ ሳይሆን በመሠዊያው አኳኋን ነው። እንዲህ ያለው የእንግሊዝ ሕንጻ የተሠራው ሕዝቡ በወንበር ተቀምጦ መሠዊያውን ከሩቅ እንዲያይ ነው። በእኛ ሥርዓት ግን ሕዝቡ ጫማውን አውልቆ ይቆማል፤ ቤቱም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል፤ ታቦቱ የሚያድርበት መቅደስም በመጋረጃ ይሰወራል። ስለሆነም አንዱ ሊገልጠው የሠራውን ሌላው ይሸፍነዋል። ድንጋዩ ሳይነካ፣ አንድ መጋረጃ የሕንጻውን ትርጉም ይለውጠዋል።

በእኛ ትምህርት ቤቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው በጳጳስ የተባረከው ታቦት እንጂ ግድግዳው አይደለም። ይህ ማለት ግን ግድግዳው ይናቅ ማለት አይደለም። በባዕድ አገር የተወለዱ ልጆች የሚያድጉት በዚያ ቅስት ሥር ነውና፣ ቅስቱን ማን እንደ ሠራው፣ መጋረጃውም ስለ ምን እንደ ተሰቀለ ሁለቱንም ሊማሩ ይገባል። አንደኛውን ብቻ የተማረ ልጅ በቤቱ እንግዳ ይሆናል፤ ሁለቱን የተማረ ግን ወራሽ ነው።