ቡናና ጌሾ በዘጌ

ቡናና ጌሾ ከባሕር ዳር በስተሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ባለው የዘጌ ልሳነ ምድር በአንድ ጫካ ውስጥ የሚለሙ ሁለት ቋሚ ተክሎች ናቸው። በዘጌ ያሉት ገዳማት ትውፊት የሁለቱንም ሆነ የሎሚን አመጣጥ ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። በዘጌ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ በመሆኑ የነዋሪው ገቢ በአብዛኛው ከጫካው ተክል ነው፤ ደኑ ሳይመነጠር ለመቆየቱም ይኸው ልማድ ዋና ምክንያት ነው።

ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይለማል። ከተተከለ ከ3 እስከ 4 ዓመት ቆይቶ ማፍራት ይጀምራል፤ ቀይ እሸቱ በዓመት አንድ ወቅት ተለቅሞ በፀሐይ ሲደርቅ ጀንፈል ይሆናል። ጌሾ ጥላም ፀሐይም ይችላል፤ ቡና በማይደርስበት ደጋም ይበቅላል። የሚፈለገው ፍሬው ሳይሆን ቅጠሉና እንጨቱ ነው። ከተለቀመ በኋላ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ የመልቀሚያው ጊዜ እንደ ቡና በአንድ ወቅት አይወሰንም፤ ለአነስተኛ ባለይዞታ ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። ደርቆ የተወቀጠው ቅጠል ለጠላ፣ እንጨቱ ደግሞ በተለይ ለጠጅ ይገባል፤ የመጠጦቹ ምሬት ከዚህ ይመጣል። ቡና የዓለም ገበያ ሸቀጥ ሲሆን፣ ጌሾን ከአገር ውጭ የሚፈልጉት በዋናነት ጠላና ጠጅ የሚጠምቁ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ናቸው።