መቸኮልና መታገሥ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንዱ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሲሮጥ፥ ሌላው ረጋ ብሎ የሚኖረው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ሰዎች «ጠባዩ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔም በወጣትነቴ ዐፄ ቴዎድሮስን ብቻ እወድ ነበር፤ የዐፄ ምኒልክ ትዕግሥት ግን ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ታሪካቸውን እያነጻጸርሁ ባነበብሁ ጊዜ አሳቤን ለወጥሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ አገሪቱ በመሳፍንት ተከፋፍላ ነበረች። እሳቸውም አገሩን አንድ ለማድረግ፥ ወታደሩ ባላገሩን መዝረፍ ትቶ በደመወዝ እንዲያድር፥ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፥ ለካህናቱ ከሚበቃው የተረፈው የቤተ ክርስቲያን መሬት እንዲወሰድ አሰቡ። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ ዳሩ ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ፥ በአንድ ክንድ ሊፈጽሙት ቸኮሉ። መኳንንቱም ካህናቱም ጠሏቸው፤ ቅጣቱ የበረታበት ሕዝብም ራቃቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

በዚያው በመቅደላ ምኒልክ እስረኛ ነበሩ። የ11 ዓመት ልጅ ገደማ ሳሉ ከሸዋ ተማርከው፥ 10 ዓመት ያህል ቆይተው፥ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ተመለሱ። የንጉሡን ትልቅነትም መቸኮላቸው ያመጣውንም በቅርብ አይተዋልና፥ መታገሥን የተማሩት እዚያ ይመስለኛል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በበረቱባቸው ጊዜ ገብረው የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸኑ፤ ለዘውዱም 11 ዓመት ጠበቁ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በኢጣልያንኛው 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያን ከኢጣልያ ጥበቃ ሥር የሚያገባ ሆኖ ሲገኝም ወዲያው ወደ ጦርነት አልሮጡም። በደብዳቤ ተከራከሩ፤ ጠመንጃ ሰበሰቡ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ጊዜው ሲደርስ ግን አንድ ቀን አላባከኑም፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ዐውጀው፥ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ድል አደረጉ።

እንግዲህ ልዩነቱ ከምን መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ፥ የሚቸኩል ሰው «እኔ ካልፈጸምሁት የሚፈጽመው የለም» ብሎ ነገን የሚጠራጠር ነው። የሚታገሥ ግን ነገን ያምናል። ሆኖም በቴዎድሮስ አንፍረድ። ዱሩን የመነጠረና የተመነጠረውን ያረሰ ድካማቸው እኩል አይደለም፤ ምኒልክ የደረሱበትን የአንድነት መንገድ አስቀድመው የጀመሩት ቴዎድሮስ ናቸው።

ልጄ ሆይ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ለስንፍናህ መሸሸጊያ አታድርገው። ሰነፍም ይጠብቃል፤ ትዕግሥተኛም ይጠብቃል። ሁለቱን ለመለየት ብትፈልግ፥ «ሲጠብቅ ምን ይሠራ ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ይህንንም ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመህ ለራስህ አቅርበው።