ባቲ በታብሌት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንሄድ ከሚሴ ላይ ምሳ መብላት ልማዳችን ነው። ባለፈው ጉዟችን ግን ከምሳው በላይ ያከራከረን ታብሌት ነበር። አብሮን ያለው ኪቦርድ ተጫዋች ጓደኛችን፣ በፌስታል ሸክፎ ሲዞር የኖረውን የኖታ ወረቀት በሙሉ ታብሌት ላይ እንደገለበጠው ነገረን። «ከእንግዲህ ወረቀት አልሸከምም» አለ። ከመሃላችን አንዷ «ባትሪው ሲያልቅስ?» ብትለው ሳቀ። ሊያሳየን ሲነካው ስክሪኑ ጨለመ። ቻርጀሩን አዲስ አበባ ረስቶት መጥቷል። ሳቁ ወደ እኛ ዞረ።

ሊያሳየን የነበረው ገጽ ርዕሱ «ባቲ» ነበር። ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት አራት ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ስሙን የሰጠችው የባቲ ከተማ ደግሞ ከሚሴ ዋና ከተማው በሆነችለት በዚሁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፈው ይደርሱባታል፤ የሰኞ ገበያዋን ያየ አይረሳትም። እንግዲህ ክርክሩ እዚህ መነሣቱ ቦታውን አልሳተም።

ዜማን የመጻፍ ታሪካችንም ከወሎ ሩቅ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት አበጁለት። ተድባበ ማርያም ያለችው አማራ ሳይንት ነው። ጊዜው የኢማም አሕመድ ጦርነት ማግስት ነበር። ብዙ መጽሐፍ ተቃጥሏል፣ ብዙ አዋቂ አልቋል። ሊቃውንቱም በአፍ ብቻ የነበረውን ከብራና ላይ አሰፈሩት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ከቃሉ በላይ ይቀመጣሉ። ከእነሱ ጋር ደግሞ አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ የሚያስታውሱ አጫጭር ፊደላት አሉ። ልብ በሉ፣ «የሚያስታውሱ» ነው ያልነው። ዜማውን ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ቢያይ ምንም አይወጣውም።

በሌላ በኩል በዳዋ ጨፋ ወረዳ ተራራ ላይ ያለችው ሾንኬ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ናት። የወሎ ሼሆች መንዙማቸውን በአማርኛና በኦሮምኛ ገጥመው በዓረብ ፊደል ጽፈውታል። ግጥሙ ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ዜማው ግን አልተጻፈም። ከሼህ ወደ ደረሳ፣ ከሐድራ ወደ ሐድራ በጆሮ ተሻገረ።

አምስት መስመር ያለው ኖታ ስር የሰደደው ዘግይቶ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች የነሐስ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደረሱ። ከዚያ በኋላ የመጣው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህንኑ ኖታ ለትውልድ አስተማረ። ያኔ ነው እንግዲህ ባቲ «ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ» ተብሎ ወረቀት ላይ የወጣው።

ወረቀትም ዕጣ ፈንታ አለው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ለፒያኖ የደረሷቸውን ሥራዎች በእጃቸው ጽፈው ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ለዓመታት በከረጢት አቆዩዋቸው። ማያ ዱኔትዝ የተባለች እስራኤላዊት ፒያኒስት አንድ ከረጢት ሙሉ ወረቀት ተረክባ አጥንታ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ እንዲወጡ አደረገች። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ያ ከረጢት ጠፍቶ ቢሆንስ?

የጓደኛችን መከራከሪያ ይኼ ነው፦ ዲጂታል የሆነ ነገር አንድ ከረጢት ውስጥ አይታሰርም። እውነት አለው። የብራሰልስ ፊልሃርሞኒክ በ2012 እ.ኤ.አ. ወረቀቱን ትቶ በታብሌት ሲጫወት ዓለም ተገርሞ ነበር። የጌራና የራጉኤል ምልክቶችም አልቀሩም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. አሥሩ የዜማ ምልክቶች የዓለም ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። በብራና የተጀመረው ዛሬ ስልክ ላይ ይጻፋል።

ነገር ግን ለጓደኛችን ያልነገርነው አንድ ታሪክ አለ። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፊናሌ» የተባለ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ለ35 ዓመታት ያህል የሙዚቀኛው ሁሉ መሣሪያ ነበር። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ኩባንያ ከእንግዲህ አላሻሽለውም አለ። ሥራቸውን ሁሉ በእሱ የጻፉ ሰዎች ሌላ ፕሮግራም ወደሚያነበው ፋይል ለመገልበጥ ተሯሯጡ። የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና ዛሬም በዓይን ይነበባል፤ የፋይል ዕድሜ ግን በኩባንያ ፈቃድ ነው። በእኛ አገር ደግሞ መብራትና ኔትወርክ አለ። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ኖታውን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሙዚቀኛ ምን ሊያነብ ኖሯል?

ታዲያ የቱ ይሻላል? እኛ እንደምናየው ጥያቄው የወረቀትና የታብሌት አይደለም። ብራናም፣ ወረቀትም፣ ስክሪንም ሁሌም ከዜማው ግማሹን ብቻ ነው የያዙት። «ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ» ባቲን አይነግራችሁም። ድምፁ የት ላይ እንደሚንሸራተት፣ የት ላይ እንደሚሰበር የሚያውቀው የተማረው ጆሮ ነው። ደብተራውን መምህሩ፣ ደረሳውን ሼሁ፣ ክራር መቺውን ጎረቤቱ አስተማሩት። ወረቀት ቢቃጠል ያስታወሰ ሰው እንደገና ይጽፈዋል፤ አስታዋሹ ካለቀ ግን አሥር ሺህ ቅጂ ቢኖርም የሚያነበው የለም።

ስለዚህ ጓደኛችን ታብሌቱን ይያዝ፣ ቅጂውንም ሁለት ሦስት ቦታ ያስቀምጥ፣ አንዱንም በወረቀት። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሰኞ ባቲ ወርዶ ይስማ።

በነገራችን ላይ፣ የዚያን ዕለት ታብሌቱ ቢጠፋበትም ባቲን አልነፈገንም። ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ በአፉ አዜመልን። አንድም ኖታ አልተሳሳተም።