የደሴቲቱ ስምና የንቦቹ ሞት

የዋይትን ደሴት የአማርኛ አንባቢ የሚያውቃት ከልዑል ዓለማየሁ ታሪክ ጋራ ነው። ከመቅደላ በኋላ፣ በ1868፣ የቴዎድሮስ ልጅ በእንግሊዝ ምድር መጀመሪያ ከተቀመጠባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በኦስቦርን ቤታቸው የተቀበሉት እዚያው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ልዑሉ በ1879 ካረፈ ሩብ ምእት ዓመት አልፎ የደሴቲቱ ስም በሌላ ሞት ምክንያት በዓለም ተነሣ። ዛሬ የማወሳው ይህን ሌላውን ሞት፣ የንቦቿን ሞት ነው።

በ1906 የደሴቲቱ ንብ አናቢዎች ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ። ንቦቹ ከቀፎው ደጃፍ እየወጡ ይወድቃሉ። ሊበሩ ይሞክራሉ፣ አይችሉም። ክንፋቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሆዳቸው ተነፍቷል። በመሬት ላይ እየዳሁ የሣሩን ዘንግ ይወጣሉ፤ በእፍኝ በእፍኝ ሆነው እንደ ተቃቀፉ ይሞታሉ። ሕመሙ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጠባቡን ባሕር ተሻገረና በብሪታንያ ምድር ተሰራጨ፤ አንዴ እየጋመ አንዴ እየበረደም እስከ 1919 ዘለቀ። ስሙንም ከተነሣበት ስፍራ ወስዶ «የዋይት ደሴት በሽታ» ተባለ።

በዴቨን አውራጃ በበክፋስት ገዳም ከጀርመን አገር በልጅነቱ የመጣ ወንድም አዳም የሚባል ወጣት መነኩሴ በ1915 የገዳሙን ንቦች እንዲረዳ ታዘዘ። በማግሥቱ ዓመት ገዳሙ ከነበሩት 46 ቀፎዎች ውስጥ 16 ብቻ ቀሩ። የተረፉት ከጣልያን ንብ ደም ያለባቸው ነበሩ። ይህ ሰው በ1996 በ98 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ አገር ላገር እየዞረ ንብ ከንብ ሲያዳቅል ኖረ፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቀው የበክፋስት ንብ የዚያ ክፉ ክረምት ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የብሪታንያ ነባሩ ጥቁር ንብ ግን ፈጽሞ ጠፋ ተብሎ ተጻፈ። ወንድም አዳምም ይህንኑ ያምን ነበር።

ገዳዩ ማን ነው? የሕዝብ መከራ ሲበረታ ተጠያቂ መፈለጉ አይቀርም። መንግሥት በ1907 የነፍሳት ሊቅ ወደ ደሴቲቱ ላከ። በ1912 የወጣው የእርሻ ቦርዱ ሪፖርት ኖዜማ የተባለውን፣ በንብ አንጀት የሚኖረውን ረቂቅ ተውሳክ ከሰሰ። ክሱ ብዙ አልቆየም፤ ኖዜማ በታመሙት ሁሉ አይገኝም፣ ባልታመሙትም ይገኛል። በመጨረሻ በ1921 በስኮትላንድ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲው ጆን ሬኒና ባልደረቦቹ ሌላ ፍጡር ይዘው ቀረቡ፤ በንብ የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ የምትኖር፣ ርዝመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ የማይሞላ ቅንቅን። በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ ያየቻት የሬኒ ረዳት ኤልሲ ሃርቬይ ነበረች። ስሟ ግን አካራፒስ ውዲ ሆነ፤ «ውዲ» የምርምሩን ወጪ የሸፈኑት የሚስተር ውድ መታሰቢያ ነው። (ያየው ሌላ፣ የከፈለው ሌላ፤ ስሙ ለከፋዩ። እኛ ባንክ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን አይተን አንደነቅም።)

ዓለምም በዚህ ፍርድ ተስማማ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1922 በሕይወት ያለ ንብ ከውጭ እንዳይገባ ሕግ ያወጣው ይህችን ቅንቅን ፈርቶ ነው። ለአርባ ዓመታት ያህል መዝገቡ እንደ ተዘጋ ቆየ።

የከፈተው በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሌስሊ ቤይሊ ነው። ሥራው ከተመራማሪ ይልቅ የኦዲተር ይመስለኛል። ቅንቅኗ ያለችባቸውን ንቦች ቢመለከት እንደ ጤነኞቹ ይበራሉ፤ ዕድሜያቸው ጥቂት ቢያጥር እንጂ በሣር ላይ አይድሁም። ታዲያ ያ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ክንፍ ከየት መጣ? በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ አርእስት ላይ «የዋይት ደሴት በሽታ» የሚለውን በትእምርተ ጥቅስ አስሮ አፈ ታሪክ ብሎ ጠራው። በእርሱ አስተያየት ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሞቱ አንድ አልነበረም። ረኀብም፣ ክፉ አየርም፣ ኖዜማም፣ ለአበባው ከሚበቃው በላይ የበዛ ቀፎም የገደለው ሁሉ በዚያ ስም ይመዘገብ ነበር። ባንክ ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ እስኪጣራ ድረስ የሚቀመጥበት ጊዜያዊ ሒሳብ አለ። ያ ሒሳብ በወቅቱ ካልተጣራ እያበጠ ይሄድና ከየት እንደ መጣ የሚያስታውስ ሰው ይታጣል። የደሴቲቱ ስም እንዲህ ያለ ሒሳብ ሆኖ ነበር።

በዚያ ድብልቅ ውስጥ ግን የመንቀጥቀጡና የመዳሁ ምልክት የራሱ ባለቤት ነበረው። የእጭን ንብ ውኃ እንደ ቋጠረ ከረጢት አድርጎ የሚገድለው ሕመም፣ ባክቴሪያ ከሚያስቀር ማጣሪያ በሚያልፍ ነገር እንደሚመጣ አሜሪካዊው ዋይት በ1917 አሳይቶ ነበር። ሌላው አሜሪካዊ በርንሳይድም በ1945 የጎልማሳ ንብን ሽባነት ከባክቴሪያ በጠራ ጭማቂ ማስተላለፍ ችሏል። በ1963 ቤይሊ ከጊብስና ከዉድስ ጋር (ይህ ዉድስ ሌላ ሰው ነው) የሽባነቱን ቫይረስ ለይቶ አጠራውና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። በተወጉት ንቦችም ላይ የደሴቲቱ አናቢዎች የገለጹት ምልክት ታየ።

ይህ ቫይረስ ሌላ መልክም አለው። ንቢቱ ጠጉሯ ይረግፋል፣ ትጠቁራለች፣ እንደ ዘይት ታበራለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ዘብ ንቦቹ እንደ ባዕድ ዘራፊ ይነክሷታል፣ ደጁን ይከለክሏታል። አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ከንቦች ወገን አንዱን ጥቁርና ሆደ ሰፊ ብሎ «ሌባ» ይለዋል። አንዳንድ ሊቃውንት ፈላስፋው ያየው ይህን በሽታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንዲያ ከሆነ የቀፎው ዘቦችም የአቴናው ሊቅም በሽተኛዋን ሌባ ብለዋት ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመኝ ግን በዚያው ቤተ ሙከራ በአጋጣሚ የተገኘው ሁለተኛው ቫይረስ ነው። ቤይሊ ለማነጻጸሪያ ብሎ ከጤነኛ ንቦች የተጨመቀ ፈሳሽ ጤነኞችን ሲወጋ፣ የተወጉት ሞቱ፤ ያውም ከመጀመሪያው ሽባነት በፈጠነ ሞት። ቫይረሱ በጤነኞቹ ውስጥ ምልክት ሳይሰጥ ይኖር ነበርና መርፌው ወደ ደማቸው ሲያገባው ገዳይ ሆነ። እንግዲህ ጥያቄው ተለወጠ፤ ገዳዩ ማን ነው ከማለት ይልቅ፣ በሩን የከፈተለት ምንድን ነው ማለት ተገባ። ለአሮጌው ሽባነት አንዱ በር መጨናነቅ ነው፤ በክፉ አየር ምክንያት ቤት የዋሉ ንቦች እርስ በርስ ሲተሻሹ ጠጉራቸው ይሰበራል፣ ቫይረሱም በቁስሉ ይገባል።

መርፌውም ከቤተ ሙከራ ውጭ ተገኘ። ቫሮዋ የተባለችው፣ ከእስያ ንብ ወደ እኛ ወደምናውቀው የማር ንብ የተሻገረች ቀይ ቅንቅን፣ ንቢቱን እየበሳች ትመገባለች፤ በየቀዳዳውም ቫይረስ ታስገባለች። ክንፍን የሚያኰማትረው ቫይረስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጃፓን በተገኙ ንቦች ላይ በዚያው በሮታምስቴድ ተለየ። ኀይሉ የታወቀው ግን በሌሎች ደሴቶች ነው። ቫሮዋ በ2007 ወደ ሐዋይ ገባች፤ ሁሉንም ደሴቶች ግን አልያዘችም። በ2012 የታተመው ጥናት ያለችበትንና የሌለችበትን አነጻጸረ። ቫሮዋ በሌለችበት ቫይረሱ ከአሥር ቀፎ በአንዱ ያህል ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ይገኛል። ሥር በሰደደችበት በሁሉም ቀፎ ተገኘ፤ በአንዲት ንብ ውስጥ ያለው መጠንም ሚሊዮን እጥፍ አደገ፤ ከብዙ ዝርያው አንዱ ብቻ ነግሦ ሌሎቹ ደበዘዙ።

ጠፋ የተባለው የብሪታንያ ጥቁር ንብ ደግሞ አልጠፋም ነበር፤ በዘረ መል ምርመራ ትውልዱ በየማዕዘኑ ተርፎ ተገኝቷል። አሮጌው ሽባነትም እንዲሁ አልጠፋም። የብሪታንያን የቀፎ ጉብኝት መዛግብት መርምሮ በ2020 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ በ2007 በአንድ አውራጃ ብቻ የተመዘገበው ይህ ሕመም በ2017 ከእንግሊዝ 47 አውራጃዎች በ39ኙ፣ ከዌልስ 8 በ6ቱ ታይቷል። ንብ ከውጭ ባስመጡ አናቢዎች ዘንድ አደጋው 1.8 እጥፍ ያህል ነበር። አናቢዎቹም ከቀፎው ደጃፍ ሥር ያገኙት ያንኑ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ክንፍ፣ ጥቁር የሚያበራ ገላ፣ የሬሳ ክምር።