ፍሪጅ ያልነበራቸው መርከቦችና የጋላፓጎስ ኤሊዎች

ዛሬ ጋላፓጎስን የሚጎበኝ ሰው በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ የሚዞረው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ነው። ከእንስሳቱም ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ አለበት። ሕጉ ጠበቅ ያለ ይመስላል አይደል? የኤሊዎቹን ታሪክ ስትሰሙ ግን ምክንያቱ ይገባችኋል።

ጋላፓጎስ ከኢኳዶር የባህር ዳርቻ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚገኙ፣ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ደሴቶች ናቸው። በእነዚህ ደሴቶች የሚኖሩት ግዙፍ ኤሊዎች ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝኑ፣ ከ100 ዓመት በላይም ሊኖሩ ይችላሉ። የደሴቶቹ ቆላማ ክፍል ደረቅ ስለሆነ ውኃና ስብ በሰውነታቸው አጠራቅመው ያለ ምግብ ለብዙ ወራት ይቆያሉ። በኢንጂነር ዓይን ካያችሁት ድንቅ ዲዛይን ነው። ችግሩ፣ መርከበኞችም ይህንኑ ደረሱበት።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የባህር ወንበዴዎች፣ ኋላ ደግሞ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ወደ ደሴቶቹ ይመጡ ነበር። በዚያ ዘመን ፍሪጅ የለም። ኤሊ ግን መርከቡ ውስጥ ቢከማች ሳይበላና ሳይጠጣ ወራት ይቆያል፤ የማይበላሽ ትኩስ ሥጋ ማለት ነው! በ1835 (እ.ኤ.አ.) ቻርልስ ዳርዊን የተጓዘባት ቢግል መርከብም ለስንቅ ኤሊዎች ጭናለች። የደሴቶቹ ምክትል ገዥ ኒኮላስ ሎውሰን፣ ኤሊው ከየትኛው ደሴት እንደመጣ ቅርፊቱን አይቶ መለየት እንደሚችል ለዳርዊን ነግሮት ነበር። ዳርዊን ግን ያን ጊዜ ብዙም ልብ አላለውም። ኤሊዎቹ ተበሉ፤ ቅርፊታቸውም ባህር ውስጥ ተጣለ። ትልቅ ማስረጃ እኮ ነበር!

ጉዳቱን ያባሰው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ያንሳሉ፣ እንቁላል ለመጣልም ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ስለዚህ ለባህሩ የቀረቡትም፣ ለሸክም የቀለሉትም እነሱ ነበሩ። መርከበኞቹ ሳያውቁት የሚወሰደውን ብቻ ሳይሆን የሚተካውንም ጨረሱ። በአጠቃላይ ከ100,000 በላይ ኤሊዎች እንደተወሰዱ ይገመታል። ሰው ያመጣቸው ፍየሎች ደግሞ የቀሩትን ኤሊዎች መኖ ተሻሟቸው።

በኤስፓኞላ ደሴት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሲፈለግ የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ፦ 12 ሴትና 2 ወንድ። እነሱ ተሰብስበው፣ ከአሜሪካ ሳንዲያጎ የእንስሳት ማቆያ የተመለሰው ዲዬጎ ተጨምሮባቸው መራባት ጀመሩ። ፍየሎቹም ከደሴቱ ተወገዱ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ኤሊዎች ተራቡ፤ በ2020 ደግሞ 15ቱ ወላጆች ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። ፒንታ ደሴት ግን ይህ ዕድል አልገጠማትም። የመጨረሻው ኤሊዋ ጆርጅ የራሱ ዘር የሆነች ሴት ሳትገኝለት በ2012 ሞተ።

ጋላፓጎስ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው። ላሊበላና የዋሊያ መኖሪያ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። በኤስፓኞላና በፒንታ መካከል ያለው ልዩነት ለሁሉም ይሠራል፦ ጥበቃ የሚያድነው ጥንድ ሳይጠፋ ከተደረሰ ነው።